«ፈርሟል፤ እንግዲህ አለቀ ማለት ነው?» ስለ ወንጀል ክስ ሂደትና ስለ ማስረጃ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። የጠያቂዋ ታናሽ ወንድም በአንድ የግል ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ዕቃ ጎድሏል ተብሎ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቦታው ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። የዚያኑ ዕለት ማታ መርማሪው «ቃልህን ስጥና ፈርም፤ ቶሎ ትወጣለህ» ብሎት ፈረመ። ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፖሊስ 14 ቀን ጠይቆ 10 ቀን ተፈቀደለት። እህቱ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። የፈረመው ቃል ብቻውን ያስፈርድበታል ወይ? ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በምን በምን ያልፋል? ጠበቃ ለማቆም አቅም ስለሌለን እኛ ቤተሰቦቹ ምን እናድርግ?

እህቴ፣ አላለቀም። ወንድምዎ ዛሬ ተጠርጣሪ ነው፤ ክስ ስላልቀረበበት ተከሳሽ እንኳ አልተባለም። የፈረመው ወረቀት በምርመራ መዝገቡ ውስጥ ከሚገቡት ወረቀቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ቀላል ነገር ነው ብዬ አላጽናናዎትም። ፖሊስ ዘንድ የተሰጠ ቃል ብቻውን ለጥፋተኝነት አይበቃም የሚል ቁርጥ ያለ ድንጋጌ በሕጋችን የለም፤ ሌላ ማስረጃ ሲታከልበት ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። ስለዚህ ያ ቃል እንዴት እንደተገኘ ከአሁኑ ማንሳት አለባችሁ። ዝም ብላችሁ ቆይታችሁ ምስክር በሚሰማበት ቀን ብታነሱት የሚያምናችሁ ይጠፋል።

ይህን የምለው ከሕጋችን አሠራር ተነስቼ ነው። በአገራችን «የማስረጃ ሕግ» ተብሎ ራሱን ችሎ የታወጀ ሕግ የለም። ረቂቅ ተዘጋጅቶ ያውቃል፤ አልታወጀም። የማስረጃ ደንቦቻችን ተበታትነው ነው ያሉት፤ ጥቂቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ ጥቂቱ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 185/1954፣ ጥቂቱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግና በልዩ ልዩ አዋጆች፣ የቀረው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ውስጥ ይገኛል። ከዚህ የተነሳ አንድ ማስረጃ ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ወደ ሥነ ሥርዓቱ ይመለሳል። ማን ያዘው? መቼ? ምን ተብሎ ተጠየቀ? መብቱ ተነግሮት ነበር? ብርበራው በትዕዛዝ ነበር? በእኛ አገር የወንጀል ክስ የሚሸነፈውም የሚረታውም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሆነው ነገር ነው። የተያዘ ሰው ቤተሰብ ግን በእነዚያ ቀናት ምግብና ልብስ ከማመላለስ ያለፈ ነገር የሚያደርግ አይመስለውም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ከአያያዙ እንጀምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ቅዳሜና እሁድ ወይም በዓል ይቀነሳል የሚል ቃል በድንጋጌው ውስጥ የለም። ማክሰኞ ከሰዓት የተያዘ ሰው ሐሙስ ጠዋት ከቀረበ ጊዜው ተጠብቋል፤ በዚህ በኩል የምታነሱት አቤቱታ የለም። ሳይቀርብ ቢቀር ኖሮ ግን ቤተሰብ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችል ነበር። ይህን የጻፍኩት ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲጠይቅ ምን ማድረግ እንዳለበት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 ተጽፏል። ስሙንና አድራሻውን ይጠይቀዋል፤ የተጠረጠረበትን ነገር ይነግረዋል፤ መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ የሚሰጠው ቃልም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ያስታውቀዋል። ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በደንብ የማያውቅ ከሆነ አስተርጓሚ ይመደብለታል። ቁጥር 31 ደግሞ ፖሊስ የሚጠይቀውን ሰው ማባበል፣ ማስፈራራት፣ ተስፋ መስጠት ወይም ሌላ አግባብ ያልሆነ ዘዴ መጠቀም እንደማይችል ይደነግጋል። «ቶሎ ትወጣለህ» የሚለው ንግግር ተስፋ መስጠት ነው፤ ቁጥር 31 የከለከለው በቀጥታ ይህንን ነው።

ይሁንና ተስፋ ተሰጥቶት የተናገረው ቃል ውድቅ ይሆናል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደማይኖረው በግልጽ ይናገራል። ዱላ፣ ዛቻ፣ እንቅልፍና ምግብ መከልከል ከነበረ ክርክሩ ጠንካራ መሠረት አለው። ቁጥር 31 ግን ተስፋ መስጠትን ይከለክላል እንጂ በተስፋ የተገኘው ቃል ምን እንደሚሆን አይናገርም። ስለዚህ የመከላከያው ወገን «ቃሉ በነፃ ፈቃድ አልተሰጠም፤ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም፤ ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ ሊታመን አይገባም» ብሎ በሁለት ደረጃ መከራከር ይኖርበታል። የማስረጃ ተቀባይነት አንድ ነገር ነው፤ ተቀባይነት ያገኘ ማስረጃ የሚሰጠው ሚዛን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው የተሸነፈ ሰው በሁለተኛው ሊያሸንፍ ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ሲያጣ ሁለተኛውን ሳይሞክር ይተዋል።

ከዚህ ጋር አንድ መራራ እውነት አለ። ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ማስረጃውን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ አንቀጽ 19 እና ተከሳሽ ነፃ ሆኖ የመገመት መብቱን የያዘው አንቀጽ 20 አብረው ሲነበቡ የሚወስዱት ወደዚያ ነው። በተግባር ግን ተከሳሹ «ተገድጃለሁ» ሲል «ምን ማስረጃ አለህ?» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ጊዜው አሁን ነው የምለው። ወንድምዎ በሚቀጥለው ጊዜ ቀጠሮ ዳኛው ፊት ሲቆም ማክሰኞ ማታ የሆነውን በአጭሩ ይናገር፤ በስንት ሰዓት እንደተጠየቀ፣ ማን እንደነበረ፣ ምን ተብሎ እንደፈረመ፣ ጽሑፉ እንደተነበበለት ወይም እንዳልተነበበለት። ከዚያም «ይህ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍርልኝ» ብሎ ይጠይቅ። አካሉ ላይ የደረሰ ነገር ካለ ሐኪም እንዲያየው ያመልክት፤ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በሐኪሙ፣ በቤተሰቡ፣ በሃይማኖት አባቱና በጠበቃው የመጎብኘት መብት በአንቀጽ 21 ተረጋግጦለታል። ከወራት በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ «አሁን የመጣ ሐሳብ» ይባላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት መዝገብ ላይ የሰፈረ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጣልም።

እርስዎም ሲጠይቁት «ምን ብለህ ፈረምክ?» ብለው ብቻ አይለፉት፤ ቃል በቃል ያስታውሱት። የምርመራ ቃል የሚጻፈው በመርማሪው እጅና በመርማሪው አነጋገር ነው። ለምሳሌ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ይናገራል እንበል። «ሦስት ካርቶን አውጥቻለሁ፤ አለቃዬ ለሌላው ቅርንጫፍ ስጥ ብሎኝ ነው፤ በችኮላ የወጪ ደረሰኝ ሳልሠራ ቀረሁ።» ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን «ሦስት ካርቶን ዕቃ ያለ ወጪ ደረሰኝ ከመጋዘን አውጥቼ የሰጠሁ መሆኔን አምናለሁ» ሊሆን ይችላል። ከመጨረሻውም «መብቴ ተነግሮኝ ማንም ሳያስገድደኝ በፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ነው» የሚል የተለመደ አረፍተ ነገር ይከተላል። በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ የተዋሸ ቃል የለም። የጠፋው «አለቃዬ ብሎኝ» የሚለው ነው፤ የሰውየውም ነፃነት ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 23 መሠረት አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ ሲሟሉ ነው። በሕግ የተከለከለ መሆን አለበት፤ ድርጊቱ መፈጸም አለበት፤ ከድርጊቱ በስተጀርባ ሕጉ የሚጠይቀው የሐሳብ ሁኔታ መኖር አለበት። ስርቆት በቁጥር 665 የሌላውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ለማስገኘት አስቦ መውሰድ ነው። ዕቃው በአደራ በእጁ የነበረ ከሆነም ጉዳዩ ወደ ቁጥር 675 ወደ እምነት ማጉደል ሊሄድ ይችላል፤ በዚያም ቢሆን የሐሳቡ ነገር አይቀርም። «ዕቃ አውጥቻለሁ» ማለት ግዙፋዊውን ፍሬ ነገር ማመን ነው። «ሰርቄያለሁ» ማለት አይደለም። ስለዚህ ወንድምዎ የፈረመው ቃል የትኛውን ፍሬ ነገር እንደሚነካ፣ የትኛውን እንደማይነካ ለይቶ ማወቅ የመከላከያው ሥራ ግማሽ ነው።

ሌላ ዓይነት ቃልም አለ። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ፍርድ ቤት ወስዶ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት ቃሉን ሊያስመዘግብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ዳኛው ቃሉን ከመመዝገቡ በፊት ሰውየው በፈቃዱ የሚናገር መሆኑን ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ዳኛ ፊት የተሰጠ ስለሆነ ይህን ቃል ኋላ ማስተባበል እጅግ ከባድ ነው። ወንድምዎን እንዲህ ላለ ነገር ከወሰዱት፣ ዳኛው «በፈቃድህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው እውነቱን የሚናገርበት ቦታ ያ እንደሆነ ይወቅ። ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ቢሆንም ዳኛውን ማናገር ይችላል።

የ10 ቀኑ ነገርስ? ይህ «ጊዜ ቀጠሮ» የሚባለው ነው። በቁጥር 59 መሠረት ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ጊዜ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። ስንት ጊዜ መጠየቅ እንደሚቻል ሕጉ በቁጥር አልገደበም፤ ችግራችንም እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ የሚፈቀደው ጊዜ ለምርመራው በጥብቅ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ እንዲሆን ይላል። ስለዚህ በየቀጠሮው የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ፖሊስ «ቀሪ ምስክሮች አሉን፤ የኦዲት ውጤት አልደረሰልንም፤ ግብረ አበር አልያዝንም» ይላል። ተጠርጣሪው ደግሞ «በተሰጣቸው 10 ቀን ምን ሠሩ? የቀረው ሥራ እኔ ውጭ ብሆን የማይሠራ ነው ወይ? ኦዲቱን የሚሠራው ድርጅቱ ነው፤ ሰነዱም በእጃቸው ነው፤ እኔ ምን ላበላሽ እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ባለፈው ቀጠሮ «ቀረን» ያሉትንና አሁን «ቀረን» የሚሉትን ጽፋችሁ አስተያዩ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ያንኑ ለዳኛው ማሳየት ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ዋስትናም የሚጠየቀው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ክስ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። ዋስትና መብት ነው፤ ክልከላው ልዩ ሁኔታ ነው። ቁጥር 63 የሚከለክለው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። ተራ ስርቆት የሚያስቀጣው በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ስለሆነ በዚህ በኩል እንቅፋት የለም፤ እንደ ሙስና ያሉ ወንጀሎች ግን የራሳቸው ጠበቅ ያለ ደንብ አላቸው። የሚያሰጋችሁ ቁጥር 67 ነው። ሰውየው የዋስትናውን ግዴታ የማይፈጽም መስሎ ከታየ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ከታመነ፣ ምስክሮችን ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ከተባለ ፍርድ ቤቱ ሊከለክል ይችላል። ይህ ሦስተኛው ምክንያት ላይ አደራ የምለው አለኝ። ከቤተሰቡ ማንም ሰው ወደ ድርጅቱ ሠራተኞች ሄዶ «ለምን ትመሰክሩበታላችሁ» አይበል፤ በሽማግሌ ስም እንኳ። ለልጁ የተጨነቀ አባት በቅን ልቦና የሚያደርገው ነገር ልጁን ለወራት ሊያሳስረው ይችላል።

በአንጻሩ ለዳኛው የሚታይ ነገር አዘጋጁ፤ ቋሚ አድራሻው፣ የቤት ኪራይ ውሉ ወይም የቀበሌ መታወቂያው፣ የሚያስተዳድራቸው ሰዎች። የዋስትናው ገንዘብ መጠን ሲወሰን የወንጀሉ ክብደት ብቻ ሳይሆን የተጠርጣሪውና የዋሱ አቅምም መታየት እንዳለበት ቁጥር 69 ይናገራል፤ ስለዚህ የደመወዙን ማስረጃ ያዙ። ዋስትና ከተከለከለ በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ይህ ቀን እንዳያልፍባችሁ።

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕጉ ይከስሳል፣ ተጨማሪ ምርመራ ያዛል ወይም በቂ ማስረጃ የለም ብሎ አይከስም። ከመሰረተ ክሱ በጽሑፍ ለወንድምዎ ይደርሰዋል፤ የማስረጃ ዝርዝርም አብሮ ይመጣል። ያቺን ዝርዝር በደንብ አንብቡ። ዐቃቤ ሕጉ እነማንን ለምን ጉዳይ እንደጠራ፣ የትኞቹን ሰነዶች እንደያዘ ከእርሷ ይታወቃል። ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ ሁሉ የመመልከት፣ ምስክሮችን የመጠየቅ፣ የራሱን ማስረጃ የማቅረብና ምስክሮቹ በመጥሪያ እንዲቀርቡለት የመጠየቅ መብቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተጠብቆለታል።

ክሱ ከተነበበ በኋላ ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ? ጥፋተኛ ነህ ወይ?» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ትሑት ለመሆን፣ ወይም «ካመንክ ይቀልልሃል» ስለተባለ ብቻ «አዎ፣ ግን…» ይላል። ቁጥር 134 አመነ የሚባለው የክሱን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ያለ ምንም ገደብ የተቀበለ ሰው ነው። «አዎ አውጥቻለሁ፤ ግን ታዝዤ ነው» ያለ ሰው አላመነም፤ በመዝገቡ «ክዷል» ተብሎ ሰፍሮ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን እንዲያሰማ መታዘዝ አለበት። በእርግጥ የፈጸመና የሚያምን ሰው ማመኑ ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል፤ ያ ግን ሁሉንም ካወቀና ከጠበቃ ጋር ከተነጋገረ በኋላ የሚወሰን ነገር ነው።

ከዚያ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። መጀመሪያ ዋና ጥያቄ፣ ከዚያ የተከሳሽ ወገን መስቀለኛ ጥያቄ፣ በመጨረሻ የድጋሚ ጥያቄ። ቁጥር 137 ዋና ጥያቄ ለጉዳዩ አግባብነት ባለው ነገር ላይ፣ ምስክሩ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ በሚያውቀው ነገር ላይ ብቻ እንዲሆን ያዛል። መልሱን በአፉ የሚያስገባ መሪ ጥያቄ በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይጠየቅም፤ በመስቀለኛ ጊዜ ግን ይፈቀዳል። «በተዘዋዋሪ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። ከእርሱ የተነሳ የስሚ ስሚ ምስክርነት በእኛ ፍርድ ቤት ጭራሽ አይሰማም ማለት አይቻልም። ይሰማል፤ ሚዛኑ ግን ይቀልላል፤ ሊቀልልም ይገባል፤ ምክንያቱም አየሁ ያለው ሰው ችሎት ቀርቦ አልተጠየቀም። ስለዚህ የመስቀለኛ ጥያቄ ትልቁ ሥራ ምስክሩ ያየውን ከሰማው መለየት ነው። እንዲህ ይሆናል፦

«ከሳሽ ድርጅት ውስጥ ሥራዎ ጥበቃ ነው?» «አዎ።» «በዕለቱ ተረኛ ነበሩ?» «ነበርኩ።» «ተከሳሹ ካርቶኖቹን ይዞ የወጣው በኋላ በር ነው ብለዋል?» «አዎ፣ በኋላ በር።» «እርስዎ የሚጠብቁት የትኛውን በር ነው?» «ዋናውን።» «በዋናው በርና በኋላው በር መካከል መጋዘኑ አለ?» «አለ።» «ከቆሙበት ሆነው የኋላው በር ይታያል?» «አይታይም፤ ባልደረባዬ ነው የነገረኝ።»

እዚህ ላይ ይቆማል። «ታዲያ አየሁ ብለህ ለምን ዋሸህ?» ብሎ መቀጠል ምስክሩ ሌላ ማብራሪያ እንዲፈልግ በር መክፈት ነው፤ እርሱን ፍርድ ቤቱ ራሱ ይመዝነዋል። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ መስቀለኛ ጥያቄን ከምስክር ጋር መከራከሪያ ያደርገዋል፤ «አንተ ውሸታም ነህ» ይላል፤ ዳኛው «ጥያቄ ጠይቅ» ብሎ ያስቆመዋል፤ ደንግጦ «ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ በወረቀት ጻፉለት። አጫጭር፣ በአንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚመለሱ ይሁኑ። አንድ ማስረጃ ሲቀርብ ወይም አግባብ ያልሆነ ጥያቄ ሲጠየቅም መቃወም ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱ ተቃውሞውን እዚያው መወሰን እንዳለበት ቁጥር 146 ይናገራል። የማክሰኞ ማታው ቃል በማስረጃነት ሲቀርብ ተቃውሟችሁን የምታስመዘግቡት በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ብርበራም አንድ ቃል። ቤታችሁ ተበርብሮ የተገኘ ዕቃ ካለ፣ ብርበራው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ መሆን አለመሆኑንና ሰዓቱን መዝግቡ፤ ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚደረገው። ያለ ትዕዛዝ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ወዲያው ውድቅ ይሁን የሚል ግልጽ ድንጋጌ ግን የለንም። ትልቅ ክፍተት ነው፤ ዜጋ በቤቱ የማይደፈር መሆኑ በአንቀጽ 26 ከተጻፈ፣ ያንን ጥሶ የተገኘ ነገር ምን እንደሚሆንም በግልጽ መጻፍ ነበረበት። እስከዚያው ድረስ ክርክሩ በማስረጃው ሚዛን ላይ ይሆናል።

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲያበቃ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ማስረጃው ክሱን የማያስረዳ ከሆነ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል፤ ይህ በቁጥር 141 ነው። ካስረዳ «ይከላከል» ይባላል። በዚህ ቀን እናቶች ችሎት ውስጥ ሲያለቅሱ አያለሁ፤ ተፈረደበት ብለው ነው። አልተፈረደበትም። «ይከላከል» ማለት እስካሁን የተሰማው ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበበት ሊያስቀጣ ይችላል ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ተራው የእናንተ ነው። ተከሳሹ ራሱ ቃሉን መስጠት ይችላል፤ መስጠት ግዴታው አይደለም። ቢሰጥ ዐቃቤ ሕጉ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቀውም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለማብራራት ሊጠይቀው ይችላል። ከዚያ የመከላከያ ምስክሮችና ሰነዶች ይቀርባሉ።

እነዚያ ሰነዶች ግን ያን ቀን ድረስ ላይቆዩ ይችላሉ፤ ለዛሬ የምሰጥዎት ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የድርጅቱ የካሜራ ቀረጻ በአዲስ ይተካል። አለቃው «ላክ» ያለበት የስልክ መልእክት ይጠፋል። በር ላይ የሚፈረምበት መዝገብ ይቀየራል። ዛሬውኑ የትኛው ማስረጃ በማን እጅ እንዳለ ዘርዝሩ፤ የወንድምዎ ስልክ ተይዞ ከሆነ ምን መልእክት እንዳለበት ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀጠሮም «የዚህ ቀን ቀረጻና የበር መዝገብ ተይዞ ከምርመራ መዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ለፖሊስ ትዕዛዝ ይሰጥልን» ብሎ ያመልክት። በወንድምዎ ላይ ምስክር የሚፈልገው መርማሪ ለእርሱ የሚጠቅመውንም የመመርመር ግዴታ አለበት። ምስክር ስታዘጋጁ ደግሞ ያየውን የሚናገር ሰው አምጡ። «እንዲህ በልልን» ተብሎ የተጠና ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይበታተናል፤ ሐሰተኛ ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነም ሊረዳችሁ የመጣውን ሰው ታሳስራላችሁ።

ፍርዱ ሲሰጥ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ፍርድ ቤቶቻችንም ጥፋተኛ ለማለት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት ይላሉ። ወንድምዎ ንጹሕነቱን እንዲያረጋግጥ አይጠበቅበትም፤ በዐቃቤ ሕጉ ታሪክ ላይ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ከቆመ ይበቃዋል። በፍርዱ ቅር ከተሰኘ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ የመጠየቁን ማመልከቻ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ያቀርባል።

የጠበቃው ጉዳይ ቀረ። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 አቅም የሌለው ተከሳሽ ያለ ጠበቃ ቢቀር ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል፤ በፍርድ ቤቶች ውስጥም የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ። ሆኖም ጠበቃው በራሱ አይመጣም፤ ወንድምዎ ችሎት ፊት «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፤ እንዲቆምልኝ አመለክታለሁ» ማለትና ያም እንዲመዘገብለት ማድረግ አለበት። ይህ በይበልጥ የሚሠራው ክስ ከቀረበ በኋላ ስለሆነ አሁን ባለው የምርመራ ጊዜ በአቅራቢያችሁ የሕግ ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ካለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አላቸው። ስትሄዱ የምርመራ መዝገቡን ቁጥር፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን፣ ወንድምዎ የፈረመውን ቃል በሚያስታውሰው ልክ ጽፋችሁ ያዙ። የተያዘ ሰው ጠበቃውን የማነጋገርና የመጻፊያ ነገር የማግኘት መብት በቁጥር 61 ስላለው፣ እርሱም ያስታወሰውን በራሱ እጅ እንዲጽፍ ወረቀትና እስክርቢቶ አስገቡለት።